በአዲስ ስልክ ላይ አስቀድሞ ምን ይጫን?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



በጽሕፈት ሙያ ረዥም ዘመን ያገለገሉ አንዲት ወይዘሮ፣ የአሮጌው ስልካቸው ባትሪ ግማሽ ቀን እንኳ አልቆይ ብሎ ስላስቸገራቸው፣ ከደመወዛቸው እየቀነሱ ባጠራቀሙት ገንዘብ አዲስ ስልክ ለመግዛት መርካቶ ወረዱ እንበል። ሻጩ ወጣት ስልኩን ከካርቶኑ አውጥቶ፣ ሲም ካርዱን ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛውሮ፣ «እናቴ፣ ምን ምን ልጫንልዎት?» ሲል ይጠይቃቸዋል። ወይዘሮዋም ጥያቄው ያልጠበቁት ስለሆነባቸው፣ «ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን ጫንልኝ፣ ልጄ» ብለው ይመልሳሉ። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የስልኩ ገጽ ቀለማቸው ልዩ ልዩ በሆነ ትንንሽ ምልክቶች ይሞላል፤ ወይዘሮዋም ሂሳባቸውን ከፍለው፣ ወጣቱን መርቀው ይሄዳሉ። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይህችው ሩብ ሰዓት ናት።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የሙያ ማኅበር ለተሰበሰበበት ጉባኤ የሚበቃ ቁም ነገር አይመስልም። ስልክ የግል ዕቃ ነው፤ ማንም የወደደውን ይጭንበታል የሚል ይኖራል። ይሁን እንጂ ዛሬ በአንዲት ጸሐፊ ስልክ ውስጥ ያለውን ዘርዝሮ ለተመለከተ ሰው ሐሳቡ ይለወጣል። ቀድሞ በብረት መሳቢያ ተቆልፎ ይቀመጥ የነበረው የኃላፊዎች ስልክ ቁጥር፣ ገና ያልጸደቀው የቃለ ጉባኤ ረቂቅ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የተላከው ደብዳቤ፣ ደመወዝ የሚገባበት የባንክ ሂሳብ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ይህ ሁሉ መዳፍ በምታህል አንዲት ዕቃ ውስጥ ተጠቃሎ ገብቷል። የመሳቢያውን ቁልፍ ለማንም አሳልፎ ሰጥቶ የማያውቅ ባለሙያ፣ የስልኩን ቁልፍ ስሙን ለማያውቀው ሻጭ አስረክቦ ሲወጣ ግን ነገሩ እምብዛም አይታወቀውም።

ስለዚህ «ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት የቱ ነው?» የሚለው መለኪያ መተው አለበት። መቅደም የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም፣ ይህ ስልክ ነገ በታክሲ ወንበር ላይ ቢረሳ ወይም ከእጅ ቢነጠቅ ምን ይጠፋል? ከጠፋውስ የትኛው ሊመለስ ይችላል? የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆኑት መተግበሪያዎች በመጀመሪያው ቀን ይጫናሉ፤ የቀሩት ሳምንትም ወርም ቢቆዩ የሚጐድል ነገር የለም።

መተግበሪያ፣ በተለምዶ አፕ የሚባለው፣ አንድን የተወሰነ ሥራ በስልክ ላይ ለማከናወን የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው። በኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1999 ሲጀመር፣ ስልኩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ከመጠቀም በቀር የመተግበሪያ ምርጫ የሚባል ራስ ምታት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው አይፎን እንኳ ሲወጣ መደብር አልነበረውም። መደብሩ የተከፈተው በጁላይ 2008 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የያዛቸው መተግበሪያዎች 500 ያህል ነበሩ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የአንድሮይድ መደብር ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ፕሌይ ስቶር እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው። አሁን በእነዚህ መደብሮች ያሉት መተግበሪያዎች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ችግሩ የመጣው ከማጣት ሳይሆን ከመብዛት ነው።

በአዲስ ስልክ ላይ የሚቀድመው ሥራ ግን መተግበሪያ መጫን ሳይሆን የመደብሩን በር በራስ ስም ማስከፈት ነው። አንድሮይድ ስልክ ከፕሌይ ስቶር አንዳች ነገር እንዲያወርድ የጉግል አካውንት ይጠይቃል፤ አይፎንም የአፕልን ይጠይቃል። እዚህ ላይ ነው ሻጩ ወጣት ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ራሱ በፈጠረው ስምና በራሱ የይለፍ ቃል አካውንት የሚከፍተው። አንዳንዱም በአንድ አካውንት ብዙ ደንበኞችን ያስተናግዳል። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ደንበኛው ኢሜይል የለውም፣ ወረፋው ረዝሟል፣ ሥራው ማለቅ አለበት። ውጤቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ወይዘሮዋ የመዘገቡት የስልክ ቁጥር ሁሉ ወደማያውቁት አካውንት ሲገለበጥ ይኖራል። አካውንቱ የብዙ ሰው ከሆነ ደግሞ የማያውቁት ሰው ስልክ ቁጥር በእርሳቸው ስልክ ላይ፣ የእርሳቸውም ዘመዶች ቁጥር በሌላ ሰው ስልክ ላይ ይገኛል። ስልኩ የጠፋ ዕለት አዲስ ገዝተው የነበራቸውን ለመመለስ ሲሞክሩ የሚመለስላቸው የለም፤ የአካውንቱን ስም አያውቁትም፣ የይለፍ ቃሉንም ሻጩ ከረሳው ቆይቷል።

ከዚህም የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች የሌባ መከላከያ አላቸው። ስልኩ ተቆልፎ ሳለ በውስጡ ያለው ሁሉ በግድ ተደምስሶ እንደ አዲስ ሲነሣ፣ ቀድሞ የገባበትን አካውንት የይለፍ ቃል ካላገኘ አይከፈትም። የስልካቸውን መክፈቻ ረስተው ወደ ጥገና ቤት የወሰዱት ባለቤት ስልኩ ሲደመሰስ የሚጠየቁት ያንኑ የማያውቁትን የሻጩን የይለፍ ቃል ነው። ለሌባ የተሠራው መቆለፊያ ባለቤቲቱን ደጅ ያስቀራቸዋል።

ስለዚህ አካውንቱ በባለቤቱ ስም፣ ባለቤቱ በገዛ ጣቱ በጻፈው የይለፍ ቃል ይከፈት። ሱቅ ውስጥ መሆን የለበትም፤ ማታ ቤት ገብቶ፣ ተረጋግቶ ይደረስበታል። የማስመለሻ ስልክ ቁጥር ይመዝገብበት። በሁለት ደረጃ የማረጋገጥ አሠራርም ይከፈት፤ ይህ ሲደረግ ጉግል ስልኩ በእጅ በማይኖርበት ቀን የሚያገለግሉ፣ እያንዳንዳቸው ባለ 8 አኀዝ የሆኑ 10 መጠባበቂያ ቁጥሮች ይሰጣል። እነዚህን በወረቀት ገልብጦ በቢሮው መሳቢያ መቆለፍ ነው። ሁሉም ነገር በመስኮትና በምልክት በሆነበት ዘመን ወረቀት ማስቀመጥ ኋላ ቀርነት የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ስልኩ በጠፋ ጊዜ ስልኩ ውስጥ የተቀመጠ ቁጥር እንደማይረዳው ያስብ። ወረቀት በማስቀመጥ ደግሞ የዚህን ማኅበር አባላት የሚያህል የለም።

የስልክ ቁጥሮችም በሲም ካርዱ ላይ ሳይሆን በዚሁ አካውንት ላይ ይመዝገቡ። ፎቶግራፍን በሚመለከት ጉግል በነጻ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋባይት ስለሆነና ማስተላለፉም ዳታ ስለሚበላ፣ በዋይፋይ ብቻ እንዲገለበጥ ማድረግ ይበቃል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚነሣው መተግበሪያው ከየት ይምጣ የሚለው ነው። በከተማም በገጠርም ብዙ ሰው መተግበሪያ የሚያገኘው ከመደብሩ አይደለም። ከባልደረባ በብሉቱዝ ወይም እንደ ዜንደር ባለ ማስተላለፊያ ይቀበላል፤ ወይም ከቴሌግራም ቻናል በኤፒኬ ፋይል ያወርዳል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ የዳታ ዋጋ ነው። አንድ ሰው በዋይፋይ ያወረደውን አምስት ሰው ሲካፈለው ቁጠባ ነው። ለጨዋታና ለመዝሙር መተግበሪያ ይህን ያህል አያሠጋ ይሆናል፤ በባንክና በገንዘብ መተግበሪያ ላይ ግን ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የኤፒኬ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በመካከል ያለ ሰው ሊበረብረውና የራሱን ነገር ሊጨምርበት ይችላል፤ መልኩና ስሙ የባንኩ ሆኖ፣ የሚጻፍበትን ምስጢር ቁጥር ለሌላ የሚያቀብል ሊሆን ይችላል። ከመደብሩም ሲጫን ከመተግበሪያው ስም በታች የተጻፈውን የአዘጋጁን ስም ማንበብ ያስፈልጋል። የደብዳቤን ራስጌና ማኅተም ሳያይ ደብዳቤ የማይቀበል ባለሙያ ይህን ልማድ ለመያዝ አዲስ ትምህርት አያሻውም።

ለዚህ ማኅበር አባላት ከሁሉ የሚቀርበው የአማርኛ መጻፊያው ጉዳይ ነው፤ በሰፊው መነገር ያለበትም ይኸው ነው። የፊደሉ ገበታ 33 ቤትና 7 ዓምድ ነው፤ 231 መልክ ማለት ነው፤ ዲቃላ ፊደላቱና ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቆጠሩ። ስሙ ከአማርኛ የጽሕፈት መኪና ጋር ተያይዞ የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጡት የገጠማቸው ይኸው ቁጥር ነበር። የላቲን ፊደል እንዲመታ በተሠራ መኪና ላይ ይህን ሁሉ ማስፈር አይቻልም። ብልሃቱ ፊደሉን መበታተን ሆነ፤ መሠረቱን አስቀድሞ መትቶ፣ የካዕቡን ቅጥያ፣ የሣልሱን እግር፣ የኃምሱን ቀለበት ለብቻው ማከል። በዚያ መኪና የሠሩ አባላት በጉባኤው መካከል አሉ፤ ቅጥያው ከፊደሉ ጐን ርቆ ሲያርፍ ገጹ ምን ይመስል እንደ ነበር ለእነርሱ መንገር አያስፈልግም።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ፊደሉ እንደገና ሙሉ ሆነ፤ ሌላ ጣጣ ግን ተከተለ። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደላቱን ያስቀመጠው በየራሱ ሠንጠረዥ ነበር። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ የዚያ ሶፍትዌር ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። ዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትሙ ነው። ከዚያ ወዲህ ሀ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም መሣሪያ ሀ ነው። ስልክ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ኃላፊ የ10 ዓመት መመሪያ በቴሌግራም ልከውላቸው ስልኩ ላይ ድርድር የላቲን ፊደል ያዩ ጸሐፊ «ስልኩ ተበላሽቷል» ብለው መደምደም የለባቸውም። ፋይሉ ፊደሉ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ፊደሉን አብሮ በሚይዝ በፒዲኤፍ መልክ ተመልሶ ቢላክ በስልኩ ላይ በትክክል ይነበባል። በመዝገብ ቤት ኮምፒዩተሮች ውስጥ እንዲህ በአሮጌ ፊደል የተጻፈ ስንት ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ እንዳለ አባላት ያውቁታል፤ ያ ሁሉ ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ አንድ ቀን የሚያነበው መሣሪያ እንደሚታጣ ግን ገና የተጨነቀበት ቢሮ ብዙ አይደለም።

በስልክ ላይ አማርኛ የሚጽፉ ኪቦርዶች ብዙ ናቸው። የጉግል ጂቦርድ አማርኛን ይዟል፤ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይም ተጭኖ ስለሚመጣ ቋንቋውን ከማስተካከያው ውስጥ መጨመር ብቻ ይበቃል። ኪይማን የተባለው ደግሞ ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅት በነጻ የሚያድለው ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በእርሱ ላይ ካሉት የአማርኛ ገበታዎች አንዱ በላቲን ፊደል ድምፅ እየተመታ ግዕዙን ያወጣል። በአገር ልጆች የተሠሩም አሉ። የትኛው ይሻላል ለሚለው አንድ መልስ የለም፤ ፈተናው ግን አንድ ነው። ኪቦርዱ ከተጫነ በኋላ ሠ፣ ኀ፣ ዐ፣ ፀ፣ ከዚያም ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ቧ ይጻፉበት። በቀላሉ የማይገኙ ከሆነ ለቢሮ ሥራ የሚሆን ኪቦርድ አይደለም። «ሁሉም ያው ነው፣ ሰው ይገባዋል» የሚሉ ቢኖሩም የሰው ስም ያው አይደለም። ሠናይት በመታወቂያዋ ላይ በንጉሡ ሠ ተጽፋ ደብዳቤዋ ላይ በእሳቱ ሰ ከተጻፈች፣ ኃይሉ በአንድ ቦታ በብዙኃኑ ኀ፣ በሌላው በሃሌታው ሀ ከሰፈረ፣ ሁለቱን ወረቀት አነጻጽሮ ገንዘብ የሚከፍል ሠራተኛ ሊመልሳቸው ይችላል። ባለጉዳዩ በአንዲት ፊደል ምክንያት የማስተካከያ ደብዳቤ ለማጻፍ ሲመላለስ ይከርማል። ኪቦርዱ ቃል ሲጀመር የሚያቀርበው ጥቆማም እንዲሁ ነው፤ የለመደውን ያቀርባል እንጂ የባለስሙን ፊደል አያውቅም።

ሌላው ፈተና አራት ነጥብ ነው። ብዙ ሰው «።» የሚለውን ምልክት ስላላገኘው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ይመታል። ለዓይን አራት ነጥብ ይመስላል፤ ለመሣሪያው ግን ሁለት የቃል መለያዎች እንጂ የዐረፍተ ነገር መዝጊያ አይደለም። በመስመሩ መጨረሻ ላይ ሲያርፍ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ወደ ታችኛው መስመር ሊወርድ ይችላል፤ በረዥም ሰነድ ውስጥ ፍለጋ ሲደረግም አይገኝም። ትንሽ ነገር ናት፤ የሰለጠነች እጅ የምትታወቀው ግን በእንዲህ ያለችው ነው።

ስለ ኪቦርድ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የከበደ ነው። ኪቦርድ የሚጻፈውን ሁሉ ያያል፤ ደብዳቤውንም፣ የይለፍ ቃሉንም። አንድሮይድ ራሱ አዲስ ኪቦርድ ሲከፈት ይህንኑ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ያወጣል፤ ሰው ግን ሳያነብ «እሺ» ብሎ ያልፋል። ስለሆነም ጌጡና ቀለሙ ያማረ፣ አዘጋጁ የማይታወቅ ኪቦርድ ከመጫን ይልቅ የማያምር ግን አዘጋጁ የታወቀ ይሻላል። ቀድሞ የኃላፊን ደብዳቤ የምትመታ ጸሐፊ ምስጢር ጠባቂ መሆኗ አስቀድሞ ይጣራ ነበር። ዛሬ የሚመታው ከእርሷ ጋር ሁለት ሆኗል።

መልእክት መላላኪያን በሚመለከት በኢትዮጵያ ቢሮዎች ቴሌግራም ከማንኛውም ይበልጥ ተሠራጭቷል። ትልልቅ ፋይል ስለሚቀበል፣ የተላከውም በስልኩ ሳይሆን በድርጅቱ ማዕከል ስለሚቀመጥ፣ ስልክ ቢጠፋ በአዲሱ ላይ ሁሉም ተመልሶ ይገኛል። ከላይ በቀረበው መለኪያ መሠረት በመጀመሪያው ቀን መጫን ያለበት ነው። ነገር ግን በዚያው ቀላልነት ሌላ ሰውም ሊገባበት ይችላል። መግቢያው በአጭር መልእክት የሚላክ ቁጥር ነውና፣ ሲሙን በእጁ ያደረገ ወይም ቁጥሩን በማታለል የጠየቀ ሰው በሩን ይከፍታል። «በስሕተት ወደ አንቺ የተላከ ቁጥር ነበር፣ እባክሽ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ከጓደኛ ስልክ ሲመጣ፣ የጓደኛዋ አካውንት አስቀድሞ ተወስዷል ማለት ነው። መከላከያው በመተግበሪያው ማስተካከያ ውስጥ ያለው ተጨማሪ የይለፍ ቃል ነው፤ ለመክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በሲም ካርዱም ላይ ምስጢር ቁጥር ማኖር ይገባል፤ ያለበለዚያ የሌባው ሥራ ሲሙን አውጥቶ በራሱ ስልክ መክተት ብቻ ይሆናል።

ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጎ ይቈልፋል፤ ቴሌግራም ግን ይህን የሚያደርገው «ምስጢራዊ ውይይት» ተብሎ ለብቻው ሲከፈት ብቻ ነው፤ የቡድን ውይይት አይቈለፍም። የመሥሪያ ቤትን ምስጢራዊ ደብዳቤ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ቡድን መላክ የተለመደ ሆኗል። ልማዱ ስሕተት ነው። ያዘዙት ኃላፊ ቢሆኑም ስሕተትነቱ አይቀርም።

ወደ ገንዘቡ ሲመጣ፣ ቴሌብር በኢትዮ ቴሌኮም አማካይነት ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በ2023 ተከትሏል፤ ባንኮቹም የየራሳቸው አላቸው። ሁሉንም መጫን አያስፈልግም። ሂሳብ ያለበት ይጫናል፣ የሌለበት ይቀራል። ኢንተርኔት በጠፋበት ቀን ቴሌብር *127# ተብሎ እንደሚሠራ ማወቅ ከሁለተኛ መተግበሪያ ይልቅ ይጠቅማል። ጥንቃቄው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምስጢር ቁጥር «ከባንክ ነው የምንደውለው» ላለ ሰው አይነገርም፤ ባንክ የደንበኛውን ምስጢር ቁጥር የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። ሁለተኛ፣ ገንዘብ መግባቱ የሚረጋገጠው በራስ ሂሳብ ላይ እንጂ ከፋዩ ባሳየው የስክሪን ፎቶግራፍ አይደለም፤ የተቀነባበረ ደረሰኝ ማሳየት ለዚህ ዘመን አታላዮች ቀላል ሥራ ነው። የዕድርና የቁጠባ ማኅበር ገንዘብ የሚሰበስቡ አባላት ይህቺን ነገር ቢያስቡባት መልካም ነው።

የዘመን መቁጠሪያ መተግበሪያ ለሌላው ሰው ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ለጽሕፈት ባለሙያ ግን መሣሪያ ነው። የውጭ ደብዳቤ በአንድ አቆጣጠር፣ የውስጡ በሌላ ይጻፋል። በመደብሩ ካሉት መካከል የተሳሳተውን ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ የሚቀጥለው መስከረም 1 ቀንም በሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ በ12 ይውላል። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበር መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለው በሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ይህን ቀን አስገብተው 11 የሚል መልስ የሚሰጥ መተግበሪያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ያለውን ቀን ሁሉ ያዛባል፤ ይሰረዝ። የስብሰባ ጥሪ ሲላክ ደግሞ ስልኩ 9 ሰዓት የሚለው ከጥዋቱ 3 ሰዓት መሆኑን አለመርሳት ነው፤ በዚህ ምክንያት ባዶ አዳራሽ የጠበቃቸው ኃላፊ ጥቂት አይደሉም።

የአዲስ አበባን ካርታ አስቀድሞ በዋይፋይ ማውረድ ይጠቅማል፤ ደብዳቤ አድራሽ ሆኖ ለሚሠራ ባልደረባ በተለይ። ወረቀት አንሥቶ ፒዲኤፍ የሚያደርግ ለብቻው መጫን አያስፈልግም፤ በአንድሮይድ ላይ የጉግል ድራይቭ መተግበሪያ ይህን ይሠራል።

መጫን የሌለበትም አለ። ስልክ ያፈጥናል፣ ባትሪ ይቆጥባል፣ ቆሻሻ ያጸዳል የሚሉት በአብዛኛው ማስታወቂያ ከማሳየት ያለፈ ጥቅም የላቸውም፤ ዘመናዊ ስልክ ይህን ራሱ ያከናውናል። የእጅ ባትሪ ስልኩ ውስጥ አለ፤ ለመብራት የስልክ ቁጥር ዝርዝር አይቶ ምን ያደርጋል? እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ከስድስተኛው አንድሮይድ ወዲህ መተግበሪያ ካሜራን፣ ማይክሮፎንን፣ የስልክ ቁጥሮችን ለማየት እያንዳንዱን ለይቶ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ሥራው የማይፈልገውን የጠየቀ «አይፈቀድም» ይባላል። በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ነገር ግን በአዋጅ የተሰጠ መብት ባለቤቱ በየጥያቄው «እሺ» እያለ ካሳለፈው በተግባር ምን ያህል እንደሚረዳው አጠራጣሪ ነው።

በመጨረሻ ወደ ወይዘሮዋ እንመለስ ቢባል፣ ምክሩን ሰምተው ሁሉን በሥርዓት አድርገው ከከረሙ በኋላ አንድ ቀን ማታ ከሥራ ሲመለሱ ስልኩ ታክሲ ውስጥ ቀረ። ከባልደረባቸው ስልክ 994 ደውለው ሲም ካርዱን አዘጉ። በማግሥቱ ጥዋት ቢሮ ገብተው መሳቢያውን ከፈቱ፤ ከወረቀቱ ላይ አንዱን መጠባበቂያ ቁጥር አንብበው በቢሮው ኮምፒዩተር ወደ አካውንታቸው ገቡ፤ ስልኩን ካለበት ሆኖ እንዲቈለፍ አዘዙ። ወደ ባንኩም ደወሉ። ከቀትር በኋላ መታወቂያ ይዘው ያንኑ ቁጥር በአዲስ ሲም አወጡ፤ ቅዳሜም መርካቶ ወርደው ሌላ ስልክ ገዙ። ሻጩ ወጣት ስልኩን ከካርቶኑ እያወጣ «እናቴ፣ ምን ምን ልጫንልዎት?» አላቸው።

«ምንም አትጫን፣ ልጄ» አሉት። «የመስተዋቱን መከላከያ ብቻ ለጥፍልኝ።»